ገበያ የሚጠራው ማነው? ከላስ ቬጋስ ቦክሰኞች እስከ አርሲ ሯጮች

ላስ ቬጋስ ላይ በግንቦት ወር ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አሰላ ላይ እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ነው። የቦክስ ወዳጅ የሆነ የአሰላ ወጣት ታላላቆቹን ግጥሚያዎች የሚያየው እንግዲህ ሌሊቱን ቆርጦ ነው። ከግጥሚያው በኋላ በየቡና ቤቱ የሚነሳው ክርክር ደግሞ ማን አሸነፈ በሚለው ብቻ አያበቃም። «ለመሆኑ ከሁሉ በላይ ገንዘብ ያስገባ ቦክሰኛ ማነው? ታይሰን ወይስ ሜይዌዘር?» ይባላል። ክርክሩ ሲሞቅም ከላስ ቬጋስ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ይመለስና «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?» ወደሚለው ይዞራል።

ጥያቄው የስፖርት ቢመስልም በመሠረቱ የገበያ ጥያቄ ነው። በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተውም አንድን ሰው «ገበያ የሚጠራ» የሚያሰኘው ምን እንደሆነ፣ ይህስ በምን እንደሚለካና ከሚገኘው ገንዘብ ለባለሙያው የሚደርሰው ድርሻ በምን እንደሚወሰን ነው። ነገሩ ለአርሲ ቤተሰብ ጨዋታ አይደለም። ከአሰላ በስተደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በቆጂ ልጁን ከእርሻ ሥራ አስቀርቶ ወደ ልምምድ ሜዳ የላከ አባት፣ ሳያውቀው በዚህ ገበያ ላይ ገንዘቡን አውጥቷል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተሸጠው ስንት ነው?

በቦክስ ዓለም «ፔይ ፐር ቪው» የሚባለው አሠራር ቀላል ነው። ተመልካቹ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ወርኃዊ ክፍያ ቢከፍልም ባይከፍልም፣ አንዱን ግጥሚያ ለማየት ለብቻው ይከፍላል። በእኛም አገር እግር ኳስ በየጨዋታው በር ላይ እየተከፈለ የሚታይባቸው ቤቶች በየከተማው ስላሉ ሐሳቡ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

በዚህ ሚዛን የሜይዌዘርን ያህል የሸጠ የለም። ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያዎ ግንቦት 2 ቀን 2015 ያደረጉት ግጥሚያ በአሜሪካ 4.6 ሚሊዮን ግዢ አስመዝግቧል። ዋጋው በጥራቱ ከፍተኛ ለሆነው ምስል 99.95 ዶላር ሲሆን፣ የፔይ ፐር ቪው ገቢው ብቻ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ የሚጠቀሰውም የዚሁ የሜይዌዘር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2017 ከኮኖር ማክግሪጎር ጋር ያደረገው 4.3 ሚሊዮን ግዢ ያስገኘው ግጥሚያ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 ሜይዌዘር ከኦስካር ዴ ላ ሆያ ጋር ሲገጥም የተመዘገበው 2.4 ሚሊዮን ነበር። ማይክ ታይሰን የኢቫንደር ሆሊፊልድን ጆሮ የነከሰበት የ1997ቱ ግጥሚያ ደግሞ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ግዢ አግኝቷል።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ የሚል አይጠፋም። አላለቀም።

ቁጥርን በሦስት ወንፊት ማጣራት

አንደኛው ወንፊት ዋጋና ብዛትን መለየት ነው። የ1997ቱ ግጥሚያ ዋጋ 50 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለት ሚሊዮን ግዢ በ50 ሲባዛ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። የ2015ቱ ግጥሚያ በግዢ ብዛት ከዚህ በ2.3 እጥፍ ቢበልጥም በገቢ ግን ከ4 እጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የዋጋው መናር ነው። በአንጻሩ የ1997 ዶላር ከ2015 ዶላር የበለጠ ይገዛ ነበር፤ ግጥሚያውን ገዝተው ማየት የሚችሉ ቤቶችም ያኔ ቁጥራቸው ያነሰ ነበር። የአሥር ዓመት በፊት የእህል ዋጋን ከዛሬው ጋር እንዳለ የሚያወዳድር ነጋዴ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ የሁለቱን ዘመን ቁጥሮች ሳያስተካክል የሚያወዳድርም ይሳሳታል።

ሁለተኛው ወንፊት ተጋጣሚ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንዲሉ፣ ግጥሚያ በሁለት ሰዎች የሚመረት ሸቀጥ ነው። ገቢው የማን እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ሰው እዚያው አቁሞ ሌላውን መለወጥ ያስፈልጋል። ይህንን ፈተና በታይሰንና በሜይዌዘር ላይ እናድርገው። ሜይዌዘር በ4.6 ሚሊዮን ግዢ ከሸጠ ከአራት ወር በኋላ፣ በመስከረም 2015፣ ከአንድሬ ቤርቶ ጋር ሲገጥም የተዘገበው ግዢ ከ600,000 በታች ነበር። ሰውዬው ያው ነው፤ ያልተሸነፈ መሆኑም ያው ነው። የተለወጠው ተጋጣሚው ነው። ታይሰን በበኩሉ ከእስር ወጥቶ በነሐሴ 1995 ወደ ሜዳ ሲመለስ የገጠመው ፒተር ማክኒሊ የተባለውን፣ ያሸንፋል ብሎ የሚጠብቅ ብዙም ያልነበረውን ቦክሰኛ ነበር። ግጥሚያው 89 ሴኮንድ ብቻ ቆየ። ሆኖም ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ግዢ አግኝቷል።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የኅዳግ አስተዋጽኦ ይባላል። ማለትም፣ ያ ሰው ሲጨመር ገቢው በስንት ይጨምራል፣ ሲነሳስ በስንት ይቀንሳል? በጠቅላላ ድምር ሜይዌዘር ይበልጣል። በብቻው ገበያ በመጥራት ግን ታይሰን ይበልጣል። የቡና ቤቱ ተከራካሪዎች የማይግባቡት አንዱ ስለ ድምር፣ ሌላው ስለ ኅዳግ ስለሚያወራ ነው።

ሦስተኛው ወንፊት የመሸጫው መንገድ ነው። ኤችቢኦ እ.ኤ.አ በ2018፣ ሾውታይም ደግሞ በ2023 ከቦክስ ወጥተዋል። ታይሰን በኅዳር 2024 ከጄክ ፖል፣ ካኔሎ አልቫሬዝ በመስከረም 2025 ከቴሬንስ ክሮፎርድ ጋር የገጠሙት በኔትፍሊክስ ሲሆን፣ ደንበኛው ተጨማሪ ክፍያ አልተጠየቀም። በዚህ መንገድ የሚቆጠረው ተመልካች እንጂ ገዢ አይደለም። 65 ሚሊዮን ተመልካችን ከ4.6 ሚሊዮን ገዢ ጋር ማወዳደር ኩንታልን ከሊትር ጋር እንደማወዳደር ነው።

ወደ አርሲ እንመለስ

አርሲ በዓለም አትሌቲክስ ያላትን ቦታ ለመናገር የቤጂንግ ኦሊምፒክ ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ በ2008 የወንዶችና የሴቶች 5,000 እና 10,000 ሜትር አራቱም የወርቅ ሜዳሊያዎች የተወሰዱት በቀነኒሳ በቀለና በጥሩነሽ ዲባባ፣ ማለትም በሁለት የበቆጂ አካባቢ ልጆች ነው። ከነሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ በ1992 እና በ2000፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 በማራቶን፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1996 እና በ2000 ወርቅ አምጥተዋል።

ይሁን እንጂ ድል ሌላ፣ ገበያ ሌላ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው አገር አቋራጭ ነው። ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 አምስት ዓመት በተከታታይ አጭሩንም ረጅሙንም የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር አሸንፏል። በ2008 አንድ ሲጨምር በግል 11 የአዋቂ ሻምፒዮናዎች ሆኑለት። ነገር ግን የአጭሩ ርቀት ውድድር ከ2006 በኋላ ቀርቷል፤ ሻምፒዮናውም ከ2011 በኋላ በየዓመቱ መካሄዱን አቁሟል። የዓለም ምርጡ ሯጭ የሚነግሥበት መድረክ ገዢ እያጣ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ በሩጫ ገበያ የሚጠራው ማነው? የሁለተኛውን ወንፊት ፈተና እንድገመው።

የኃይሌ ገበያ ተጋጣሚው ሰዓት ነበር። ግንቦት 31 ቀን 1997 በሆላንድ ሄንግሎ አዘጋጆቹ ሁለት ማይልን ከ8 ደቂቃ በታች ለሚሮጥ 1 ሚሊዮን ዶላር አስቀመጡ። ኃይሌ 8 ደቂቃ ከ1.08 ሴኮንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሚሊዮኑ ግን አመለጠው። በዚያው ዓመት ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን 7 ደቂቃ ከ58.61 ሴኮንድ ሲሮጥ ሽልማቱ በቦታው አልነበረም። እ.ኤ.አ በ2008 ደግሞ የዱባይ ማራቶን ለአሸናፊ 250,000 ዶላር፣ ለክብረ ወሰን ተጨማሪ 1 ሚሊዮን ዶላር አዘጋጀ። ኃይሌ 2፡04፡53 ገብቶ አሸነፈ፤ ከራሱ ክብረ ወሰን በ27 ሴኮንድ ዘገየ። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2፡03፡59 በመግባት ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሁሉም ላይ አዘጋጁ የሸጠው «ኃይሌ ሰዓቱን ያሸንፍ ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ነው። አሯሯጭ ከመቅጠር በቀር ለዚህ ትልቅ ስም ያለው ተጋጣሚ አላስፈለገም።

ኃይሌ ለሁለት ማይሉ በተሰለፈ ማግሥት፣ ሰኔ 1 ቀን 1997፣ ቶሮንቶ ላይ ሩጫን እንደ ቦክስ ለመሸጥ ተሞክሮ ነበር። ዶኖቫን ቤይሊና ማይክል ጆንሰን በ150 ሜትር ብቻ ለብቻ ሮጡ። ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር የተሳትፎ ክፍያ፣ ለአሸናፊው ተጨማሪ 1 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ጆንሰን ተጎድቶ መሐል ላይ አቆመ፤ ትዕይንቱም በዚያው ተበላሸ። ሁለት ሰው ላይ ብቻ የቆመ ሸቀጥ አንዱ ሲነሳ ይወድቃል።

የቀነኒሳ የማራቶን ገበያ ወደዚህኛው ያዘነበለ ነው። በ2013 በእንግሊዙ ግሬት ኖርዝ ረን ቀነኒሳ፣ ሞ ፋራህና ኃይሌ በአንድ መስመር ቆሙ። ቀነኒሳ 60፡09 በመግባት ፋራህን በአንድ ሴኮንድ ቀደመው። በ2019 በርሊን ላይ 2፡01፡41 ሮጦ ከኤሊዩድ ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን በ2 ሴኮንድ ብቻ ሲጎድል፣ ዓለም ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ጓጓ። ጥቅምት 4 ቀን 2020 የለንደን ማራቶን ይህንኑ ሸጠ። በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች በሌለበት ዙር ላይ ስለሚካሄድ ደንበኛው የቴሌቪዥን ተመልካች ብቻ ነበር። ሊሮጡ ሁለት ቀን ሲቀር ቀነኒሳ በባቱ ጉዳት ምክንያት ወጣ። ኪፕቾጌም ስምንተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው ሹራ ቂጣታ ነው። ድሉ ለኢትዮጵያ ታላቅ ነበር። ማስታወቂያው የተሠራለት ሸቀጥ ግን አልቀረበም።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ በክርክሩ የሚይዘው ወገን የሚከተለው ነው። በመም ላይ የቀነኒሳን ያህል የተሟላ ሯጭ አርሲ አላፈራችም ብሎ መከራከር ይቻላል። በብቻው ገበያ በመጥራት ግን ኃይሌ የአርሲ ታይሰን ነው።

ቦክሰኛው ድርሻ፣ ሯጩ ደመወዝ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንድረስ። ሜይዌዘርና ፓኪያዎ ገቢውን 60 ለ40 ለመካፈል ተዋውለው ገቡ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ገዢ ለሁለቱም ተጨማሪ ገንዘብ ነው። ሯጭ ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በሁለት መንገድ ነው፤ አስቀድሞ በተቆረጠ የተሳትፎ ክፍያና በደረጃ በሚሰጥ የሽልማት ገንዘብ። ቴሌቪዥን የተመለከተው ሕዝብ በእጥፍ ቢጨምር የሯጩ ኪስ አይጨምርም።

ለምን? ምክንያቱ የሸቀጡ ጠባይ ነው። የቦክስ መድረክ በር አለው፤ ያልከፈለ አይገባም። የማራቶን መንገድ ግን ሊታጠር አይችልም፤ ማንም ዳር ቆሞ በነጻ ያያል። የማራቶን አዘጋጅ የሚኖረው በስፖንሰር፣ በቴሌቪዥን ውልና ከፍለው በሚመዘገቡ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ተራ ሯጮች ነው። በሌላ አነጋገር፣ ኮከቡ ለውድድሩ ማስታወቂያ እንጂ ዋናው ሸቀጥ አይደለም።

የአርሲ ገበሬ ይህንን በቢራ ገብስ ያውቀዋል። ከዘር በፊት በተቆረጠ ዋጋ ውል የገባ ገበሬ ዋጋ ቢወድቅ አይጎዳም፤ ቢንር ደግሞ አይጠቀምም። በገበያ ቀን አሰላ ይዞ የሚወጣው ግን ሁለቱንም ይቀበላል። የተሳትፎ ክፍያ የመጀመሪያው ነው፤ የፔይ ፐር ቪው ድርሻ ሁለተኛው ነው። አንዱ ከሌላው በራሱ አይሻልም። ልዩነቱ አደጋውን የሚሸከመው ማነው የሚለው ነው።

ሌላም የአርሲ ትምህርት አለ። በመኸር ወቅት ስንዴ ሲትረፈረፍ ዋጋው ይወርዳል፤ ስንዴው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከ2008 ወዲህ አብዛኛዎቹን የዱባይ ማራቶን የወንዶች ውድድሮች ያሸነፉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የአንደኛ ሽልማቱ ግን በኃይሌ ዘመን ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዷል። ለውድድሩ አዘጋጅ አንዱ ፈጣን የደጋ ልጅ በሌላው ይተካል። የማይተካው ስም ነው። የቺካጎው ኢኮኖሚስት ሸርዊን ሮዘን በ1981 ስለ ኮከቦች ኢኮኖሚ ሲጽፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በችሎታ ትንሽ የሚበልጥ ሰው፣ ገበያው ሰፊ ከሆነ፣ በገቢ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው በሁለት ሴኮንድ ቢቀደምም፣ በገቢ የሚቀደመው ግን በሁለት ሴኮንድ አይደለም።

የአንድ ወጣት ሯጭ ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል አንዲት ወጣት ሯጭ ሁለት ግብዣ ደረሳት እንበል። አንደኛው ውድድር 10,000 ዶላር የተሳትፎ ክፍያ ይሰጣል። ሁለተኛው የተሳትፎ ክፍያ የለውም፤ አንደኛ ለወጣች 40,000 ዶላር ይሸልማል። ልጅቷ የማሸነፍ ዕድሏ ከአምስት አንድ ከሆነ፣ የሁለተኛው ግብዣ አማካይ ዋጋ 40,000 ሲካፈል ለ5፣ ማለትም 8,000 ዶላር ነው። የተጻፈው ቁጥር ትልቅ ቢሆንም የመጀመሪያው ይሻላል። ዕድሏ ከሦስት አንድ ከሆነ ግን አማካዩ ከ13,000 ዶላር ስለሚበልጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶ እጅ የመመለስ አደጋውን መሸከም ከቻለች።

ከዚያ ተቀናሽ አለ። ውድድሩ አሜሪካ ከሆነ በመደበኛው ደንብ ከውጭ ዜጋ ሯጭ 30 በመቶ ግብር በዚያው ይያዛል። የማናጀር ድርሻ በተለምዶ 15 በመቶ ነው። 10,000 ዶላሩ ላይ 3,000 እና 1,500 ሲነሳ በእጅ የሚገባው 5,500 ነው። ከዚህ ላይ የአሠልጣኝ፣ የምግብና የሕክምና ወጪ ይመጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ ማራቶን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ብቻ እንደሚሮጥም አይዘንጋ።

በመጨረሻም፣ የተጻፈ ሽልማት የተከፈለ ሽልማት አይደለም። ያው ማይክል ጆንሰን እ.ኤ.አ በ2025 ግራንድ ስላም ትራክ የተባለ፣ ኢትዮጵያውያን ሯጮችም የተሳተፉበት ውድድር አቋቁሞ ለምድብ አሸናፊ 100,000 ዶላር አዘጋጀ። አራተኛው ዙር ተሰረዘ፣ የአትሌቶች ክፍያ ዘገየ፣ ድርጅቱም በዓመቱ መጨረሻ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ስለዚህ ውል ሲፈረም «ስንት?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «መቼ? በማን ዋስትና?» የሚሉት መከተል አለባቸው።

ከሸቀጥነት ወደ ባለቤትነት

ሜይዌዘር ሀብታም የሆነው በጡጫው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2006 ለአዘጋጁ ለቶፕ ራንክ 750,000 ዶላር ከፍሎ ከውሉ ወጣና የራሱ አዘጋጅ ሆነ። ያኔ ብዙዎች ገንዘብ አባከነ ያሉት ክፍያ ከዚያ በኋላ ለመጣው ድርሻ ሁሉ በር ከፈተ።

ኃይሌም በራሱ መንገድ ይህንኑ አድርጓል። ከመሥራቾቹ ዋነኛው የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 2001 በ10,000 ተሳታፊዎች ተጀመረ፤ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ነው። እዚያ ገንዘብ የሚከፍለው ተመልካቹ ሳይሆን ቲሸርት ለብሶ የሚሮጠው ሕዝብ ነው። ከሩጫ ባለሙያዎች ቀድሞ ይህንን የተረዳው፣ መንገዱ ሊታጠር ካልቻለ ሕዝቡን ራሱን መንገዱ ላይ ማስገባት እንደሚቻል ያየው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቀጣዩ ክርክር «ከሁሉ የሚሸጠው ማነው?» ሲባል መልስ ከመስጠትዎ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ይጠይቁ። በድምር ነው ወይስ በኅዳግ? በየትኛው ዘመን ዋጋ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የተሸጠው ገንዘብ የገባው በማን ኪስ ነው? በቆጂ ሜዳ ላይ ልጁን ያሰለፈ ወላጅም ሦስተኛውን ጥያቄ ቀድሞ ቢጠይቅ አይጸጸትም።